የመጠለያ ሽንት ቤት ሲመረጥ የሚፈጸሙ ስህተቶች፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ

መሬቱን ሳያዩ ዓይነቱን መወሰን። መጋዘን ውስጥ የፕላስቲክ ስላብ (ጉድጓዱ ላይ የሚገጠም ቀዳዳ ያለው ወለል) አለ ተብሎ ቁፋሮ ይጀመራል። ደሴ የጦሳ ተዳፋት ላይ ናት፤ ዶማው ዐለት ካገኘ ሥራው እዚያው ይቆማል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ዋልካ ካጋጠመ ጣጣው ሌላ ነው፦ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳው ይናዳል፣ ፈሳሽም በቀላሉ አያሰርግም። የጉድጓዱ ወለል ከከርሰ ምድር ውሃ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት ስላለበት፣ 2 ሜትር የሚቆፈረው ውሃው ከ3.5 ሜትር በታች ሲሆን ነው። የካቲት ላይ ደረቅ ሆኖ የተገኘ የሙከራ ጉድጓድ ያታልላል፤ ውሃው ነሐሴ ላይ የት እንደሚደርስ የሰፈሩን ሰው ይጠይቁ። ዐለቱ ወይም ውሃው ቅርብ ከሆነ ወለሉ ከፍ ያለ፣ ደረጃ ያለው ሽንት ቤት ይሠራ። ከሥሩ የታሸገ ታንከር የሚቀመጥ ከሆነ መጣጭ መኪና አጠገቡ መድረስ አለበት፤ በደሴ ዳገት ይህን አስቀድሞ በእግር ሄዶ ማረጋገጥ ነው።

መቼ እንደሚሞላ አለማስላት። ለድንገተኛ ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ዓይነ ምድር ይያዛል። ጎንና ጎኑ 1 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2 ሜትር የሆነ ጉድጓድ፣ ላይኛው ግማሽ ሜትር ለአፈር ሲተው፣ 1,500 ሊትር ይይዛል። ለ50 ሰው 60 ቀን፣ ለ20 ሰው 150 ቀን መሆኑ ነው። መጀመሪያ ላይ በ50 ሰው አንድ ቢጀመርም ቶሎ ወደ 20 መውረድ ያለበት ለዚህም ጭምር ነው።

የመታጠቢያውን ውሃ መርሳት። ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው በውሃ ነው የሚታጠበው፤ ለአንድ ሰው በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ይያዝ። አፈሩ ካላሰረገ 50 ሰው የሚጠቀምበት ያው ጉድጓድ፣ ሽንቱ ሳይቆጠር እንኳ፣ ከ12 እስከ 20 ቀን ውስጥ ይሞላል! እዚህ ላይ ስንት ሰው እንደተሳሳተ መቁጠር ይከብዳል።

አቅጣጫውን ለአናጢው መተው። መካ ከሁለቱም ከተሞች ወደ ሰሜን ናት። ስላቡ ተቀማጩን ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ካዞረው፣ ፊቱ ወይም ጀርባው ወደ መካ ስለሚሆን ሙስሊሙ ተጠቃሚ ይሸሸዋል፤ ምሥራቅ–ምዕራብ ይሁን። ስላቡ ከተገጠመ በኋላ ማዞር እንደገና መሥራት ነው።

የሴቶቹን ከወንዶቹ እኩል መሥራት። ለ1 የወንድ 3 የሴት ይያዝ፤ ከውስጥ መቀርቀሪያ፣ ማታ መብራት፣ ከመጠለያው ከ50 ሜትር ያልራቀ። ከውሃ ጉድጓድና ከምንጭ ግን ቢያንስ 30 ሜትር፣ ተዳፋት ላይ ደግሞ ከምንጩ በታች።

ጉድጓዱ ውስጥ ክሎሪን መድፋት። ቆሻሻውን የሚያበሰብሱትን ተህዋስያን ይገድላል። ለሽታና ለዝንብ አመድ ይበቃል፤ ክሎሪኑ ለመጠጥ ውሃው ይቀመጥ።