ከአዲስ አበባ ተነስቶ የእሽቅድምድም መኪና ዲዛይን መሐንዲስ መሆን፦ እንዴት ይጀመራል?

የእሽቅድምድም መኪናን አንድ መሐንዲስ ብቻውን አይነድፍም። በፎርሙላ 1 ቡድን ውስጥ አንዱ የፊት ክንፍን፣ ሌላው ብራቾን (ጎማውን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዘውን ክንድ)፣ ሌላው የፍሬን ማቀዝቀዣን ብቻ ይዞ ወራት ይሠራል። እናንተም አንድ ክፍል ምረጡና ቅርጹና ልኩ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በቁጥር ማስረዳት እስክትችሉ ያዙት። እዚህ የምንጀምረው በሞላና ብራቾ ነው፤ መሣሪያው ርካሽ፣ መኪናውም ደጃችን ላይ ነው።

1. ትምህርት። የተለመደው መንገድ መካኒካል ምህንድስና ነው፤ አምስት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያስተምረዋል። ስታቲክስ፣ ዳይናሚክስ፣ የቁስ ጥንካሬና ፍሉይድ ሜካኒክስ ለፈተና ብቻ የሚጠኑ አይደሉም።

2. ስሌት። ከነሹፌሩ 300 ኪሎ የሚመዝን መኪና ውሰዱ። የክብደት ማዕከሉ ከመሬት 0.30 ሜትር፣ በግራና ቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 1.20 ሜትር ይሁን። በ1.2 ጂ (በመሬት ስበት 1.2 እጥፍ) ሲታጠፍ ወደ ውጭ ጎማዎች የሚዛወረው ጭነት፦ 300 × 9.81 × 1.2 × 0.30 ÷ 1.20 = 883 ኒውተን፣ ማለትም 90 ኪሎ ያህል። በየጎኑ 150 ኪሎ የነበረው ውጭ 240፣ ውስጥ 60 ይሆናል። ብራቾው የሚነደፈው ሁለቱ የውጭ ጎማዎች ለሚካፈሉት 240 ነው።

3. ልኬት። ሞላው በታችኛው ብራቾ ላይ የተቀመጠ መኪና ፈልጉ። ቪትዝና ኮሮላ የፊት ሞላቸው ሾኩ ላይ ስለሆነ ብዙ አያስተምሩም። የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ ሻንሲውን በጠንካራ መቆሚያ አስደግፉ፤ በክሪክ ብቻ በተነሳ መኪና ስር ፈጽሞ አትግቡ። ከዚያ ጎማውን በሌላ ክሪክ በ10 ሚሊ ሜትር እያነሳችሁ የሞላውን ቁመት ለኩ። መኪናው ከመቆሚያው ሊነሳ ሲል አቁሙ። ጎማው 30 ሚሊ ሜትር ሲወጣ ሞላው 21 ካጠረ ምጣኔው (21 ÷ 30) 0.7 ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሞላው ጥንካሬ በሚሊ ሜትር 40 ኒውተን ቢሆን ጎማው ላይ የሚሰማው 28 ሳይሆን 19.6 ነው፤ ምጣኔው በራሱ ይባዛል (0.7 × 0.7 = 0.49)፤ ኃይሉም እንቅስቃሴውም ስለሚቀንሱ።

4. ሥዕልና ቶርኖ ቤት። ፍሪካድ የተባለው የኮምፒዩተር ንድፍ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የጎማ መያዣ ሳሉና ቶርኖ ቤት ውሰዱ። ውጫዊ ዲያሜትሩ 52 ሚሊ ሜትር ለሆነው 6205 ኩሽኔታ (ጎማው በቀላሉ እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት) ቤቱን «52» ብላችሁ ብቻ አትጻፉ፤ 52.1 ሆኖ ከመጣ ኩሽኔታው ቤቱ ውስጥ ይዞራል። «ከ52.00 እስከ 52.03» በሉ። ባለሙያው «ይህን እንዴት ልያዘው?» ካለ ሥዕሉን አስተካክሉ፤ ማሽን ላይ የማይያዝ ክፍል አይሠራም።

5. አየር። ከተማችን 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ጠለል በሩብ ያህል ይሳሳል። ለአየር ጥግግት በመማሪያ መጻሕፍት ያለውን 1.225 ሳይሆን 0.9 ኪሎ በሜትር ኩብ ግድም ተጠቀሙ። ከአደባባያችን ጋር ስም በምትጋራው ሜክሲኮ ሲቲም ከፍታው ተቀራራቢ ነው፦ የፎርሙላ 1 ቡድኖች ትልቁን ክንፍ ገጥመውም መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነው ኃይል ያንሳቸዋል፤ ፍሬንና ሞተር ማቀዝቀዝም ይከብዳቸዋል።

6. ፎርሙላ ስቱደንት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የእሽቅድምድም መኪና ሠርተው የሚወዳደሩበት ነው። ደንቡን በነፃ አውርዱ፦ የቤንዚን ሞተር እስከ 710 ሲሲ፣ አየሩ የሚገባው በ20 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ፣ በፊትና ኋላ ጎማ መካከል ቢያንስ 1,525 ሚሊ ሜትር። ከ1,000 ነጥብ ዲዛይን 150፣ ረጅሙ የጽናት ውድድር ደግሞ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። በጽናቱ ላይ የሚያቆመው ብዙውን ጊዜ የላላ ብሎን ወይም የሚያፈስ ቱቦ ነውና ቀላልና አስተማማኝ አድርጋችሁ ንደፉ።

7. ማስተርስ። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎቹ ክራንፊልድና ኦክስፎርድ ብሩክስ የሞተር ስፖርት ምህንድስና ያስተምራሉ፤ ብዙ የፎርሙላ 1 ቡድኖችም እዚያው ናቸው። ቼቭኒንግ የተባለው የብሪታንያ መንግሥት ስኮላርሺፕ ወጪውን ይሸፍናል፤ ግን 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ስትጨርሱም ቢያንስ 2 ዓመት ወደ አገር መመለስ ግዴታ ነው። እዚያው ሥራ ለመቀጠር ያሰበ ሌላ የገንዘብ ምንጭ ይፈልግ። ከማመልከቻው ጋር የሞላ ልኬታችሁን ሠንጠረዥ፣ ያሰላችሁትን ከለካችሁት ጎን ለጎን አድርጋችሁ አያይዙ፤ ልዩነት ካለ ምክንያቱን ጻፉ።