የባዘኑና የተጣሉ የከተማ ፈረሶች፦ ማዘጋጃ ቤቶች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለቤቱ ያልታወቀ ፈረስ በአውራ ጎዳና ላይ ሲንከራተት በታየ ቁጥር የማዘጋጃ ቤት የመጀመሪያ ሐሳብ እንስሳውን ከመንገድ ማንሳት ነው። ሐሳቡ ተገቢ ነው፤ ጥፋቱ ፈረሱ ከመንገድ ሲነሳ ጉዳዩም አብሮ እንደተዘጋ መቁጠሩ ላይ ነው። ከዚህ በታች የሚነሱት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ አስተሳሰብ የሚመነጩ ናቸው።

የመጀመሪያው ማሳደድ ነው። ፈረስ ሲደነግጥ የሚሸሽ እንስሳ ስለሆነ፣ በጥሩምባና በጩኸት ማዋከብ 400 ወይም 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን አካል ወደ ተሽከርካሪዎች መሃል መንዳት ይሆናል። የሚሻለው ትራፊኩን አስቁሞ መውጫዎቹን መዝጋት፣ ከዚያም ፈረስ የለመደ አንድ ሰው ድርቆሽ ይዞ በትከሻው በኩል ቀስ ብሎ እንዲቀርበው ማድረግ ነው። ፈረስ ልክ ከኋላው ያለውን ነገር ስለማያይ፣ ከጀርባው ለሚመጣ ሰው ምላሹ ብዙ ጊዜ ርግጫ ነው።

ሁለተኛው እንስሳው በተያዘበት ሰዓት ማስረጃ አለመያዝ ነው። ከሁለት ሳምንት ምግብና ዕረፍት በኋላ የተነሣ ፎቶግራፍ ቸልተኝነትን በፍርድ ቤት አያስረዳም። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁስሉ፣ ሰኮናውና የጎድን አጥንቱ በፎቶ መያዝ፣ የሰውነቱ አቋምም የፈረስን ክሳትና ውፍረት በሚያሳየው፣ ከ1 (እጅግ የከሳ) እስከ 9 (እጅግ የወፈረ) በሚደርሰው የሄኔኬ መለኪያ መመዝገብ አለበት። ሚዛን ከሌለ የደረቱ ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ በራሱ ይባዛል፤ ውጤቱ እንደገና በአካሉ ርዝመት ተባዝቶ ለ11,880 ሲካፈል ግምታዊ ክብደቱ በኪሎ ግራም ይገኛል። ከቆዳ ሥር የሚቀበረው መለያ ቺፕ አብዛኛውን ጊዜ በአንገቱ ግራ ጎን ስለሚገኝ ማንበቢያ መሣሪያውን ማሳለፍ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ይህችው ደቂቃ ስትዘለል በተደጋጋሚ ይታያል።

ከሁሉም የከፋው ስህተት የሚፈጸመው በርኅራኄ ነው። አጥንቱ የወጣ ፈረስ ወደ ማቆያው ሲገባ፣ የሚያየው ሰው ሁሉ አንጀቱ እየተላወሰ ገብስ ወይም ሌላ እህል በባልዲ ሞልቶ ያቀርብለታል። ለብዙ ሳምንታት የተራበ አካል ግን ስታርች የበዛበት ምግብ በድንገት ሲያገኝ ኢንሱሊን በብዛት ያመነጫል፤ በዚህም ምክንያት በደም ውስጥ የነበሩት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዢየም ወደ ሴሎች ስለሚገቡ በደሙ ውስጥ የሚቀረው መጠናቸው ያሽቆለቁላል፤ ልብና መተንፈሻም ሊዳከሙ ይችላሉ። ረሃቡን የተቋቋመው እንስሳ መብላት በጀመረ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚሞተው በዚህ መንገድ ነው። በእንስሳት ሐኪም ክትትል ሥር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሽ ኪሎ ግራም ያህል የአልፋልፋ ድርቆሽ በየ4 ሰዓቱ መስጠት፣ መጠኑንም ቀስ በቀስ ማሳደግ ይገባል። እህሉ ይቆየው።

አዲስ የገባውን ፈረስ ከነባሮቹ ጋር ወዲያው መቀላቀልም አይገባም፤ ስትራንግልስ የተባለው የጉሮሮ ዕጢዎችን የሚያሳብጥ ተላላፊ በሽታ በጋራ የውሃ ገንዳና በሠራተኞች እጅ ጭምር ይተላለፋል።

ሌላው ስህተት የጊዜ ገደብ ጉዳይ ነው። አንዳንዱ አስተዳደር ሳያሳውቅ ይሸጣል፤ ሌላው ደግሞ ባለቤቱ ይመጣል እያለ ለወራት ይቀልባል። በእንግሊዝ የ2015ቱ የፈረሶች ቁጥጥር ሕግ ባለቤቱ እስኪቀርብ የሚጠበቀውን ጊዜ 96 ሰዓት አድርጎታል፤ የዌልሱ የ2014 ሕግ ደግሞ 7 ቀን ይሰጣል። ቁጥሩ ይለያይ እንጂ፣ ቀነ ገደቡም ሆነ ለፖሊስና ለሕዝብ የሚደርሰው ማስታወቂያ አስቀድሞ በማዘጋጃ ቤቱ ደንብ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ገደቡ ሲያልፍ ፈረሱን ለማንኛውም ተጫራች በርካሽ መሸጥ ቀላሉ መውጫ ይመስላል። ሆኖም ፈረሱን የጣለው ሰው ራሱ፣ ወይም ወዳጁ፣ ከቅጣቱ ባነሰ ዋጋ መልሶ ሊገዛው ይችላል። ሽያጩ የገዢውን ማንነትና የማደሪያ ስፍራውን ከማረጋገጥ ጋር ካልተያያዘ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ያንኑ ፈረስ ደጋግሞ ለመያዝ በጀት መደበ ማለት ነው።

በመጨረሻ የሚነሳው የቅጣቱ መጠን ነው። ፈረሱ የባለቤቱ መተዳደሪያ ከሆነና የመያዣው፣ የቀለቡና የቅጣቱ ድምር ከፈረሱ ዋጋ ከበለጠ፣ ባለቤቱ አይመጣም፤ ሌላ ርካሽና ደካማ ፈረስ ይገዛል። ሆን ብሎ ያሰቃየው በሕግ ይጠየቅ፤ አቅም ያነሰው ግን ክፍያው በየወሩ ተከፋፍሎ፣ በምትኩ ፈረሱን በተወሰነለት ቀን ለሐኪም እንዲያሳይና ሰኮናውን በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ እንዲያስከረክም በጽሑፍ ቢገደድ ይሻላል።