ያገለገለ ዕቃ በኢንተርኔት ስትገዙና ስትሸጡ፦ ከገንዘቡ በፊት የሚጣራው

«እንደ አዲስ ነው»፣ «ምንም አይልም»፣ «ብዙ አላገለገለም» የሚል ማስታወቂያ ሻጩን በምንም አያስረውም። «የባትሪው ጤና 82 ከመቶ ነው፣ የኋላ ካሜራው መስታወት ተጭሯል፣ ስክሪኑ ተቀይሯል» የሚለው ግን ያስረዋል፤ ደግሞም ይጠብቀዋል፤ ገዢው በኋላ «አልነገርከኝም» ማለት አይችልም። ስለዚህ ሻጭም ሁኑ ገዢ የመጀመሪያው ሥራ የዕቃውን ሁኔታ በሚለካ ወይም በሚታይ ነገር መጻፍ ነው፦ ሙሉ የሞዴል ስም፣ የማይሠራው ነገር፣ የተጠገነው ክፍል፣ አብሮ የሚሰጠውና የማይሰጠው። ጉድለቱን በቀን ብርሃን፣ ቀረብ ብላችሁ ፎቶ አንሱት። በስልክ የተባባላችሁትን ደግሞ «እንዲህ ብለኸኛል፣ ትክክል ነው?» ብላችሁ በጽሑፍ ላኩ፤ አንድ «አዎ» ይበቃል።

«በነበረበት ሁኔታ ይሸጣል» የምትለው ሐረግ ብዙ ሻጮች እንደሚያስቡት ሁሉን አትሸፍንም። ሻጩ ራሱ የማያውቀው ጉድለት ሌላ ነው። እያወቀ የደበቀው ሌላ ነው፤ በብዙ አገሮች ሕግ ይህኛው ማታለል ነው። በሌላ በኩል ግለሰብ ከግለሰብ ሲገዛ፣ ሱቅ የሚሰጠውን የመመለስ መብትና ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ አያገኝም። ማጣራቱ ሁሉ ከክፍያው በፊት የሚሆነው ለዚህ ነው።

ዕቃው በእርግጥ በእጁ አለ?

ፎቶዎቹን ጉግል ሌንስ በሚባለው በምስል መፈለጊያ ላይ አስገብታችሁ ፈልጉ። ያው ፎቶ በሌላ ሰው ስም ወይም በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ከተገኘ ነገሩ እዚያው ያበቃል። አለመገኘቱ ግን ማረጋገጫ አይደለም፤ የተቆረጠ ወይም የተገለበጠ ፎቶ ከፍለጋው ሊያመልጥ ይችላል። ስምና ቀን የተጻፈበት ወረቀት ከዕቃው አጠገብ አስቀምጦ ማንሳት የቆየ ዘዴ ነው፤ ዛሬ ወረቀቱን ፎቶው ላይ መጨመር የደቂቃ ሥራ ስለሆነ ብቻውን አንተማመንበትም። የሚሻለው የቪዲዮ ጥሪ ነው። እናንተ «አብራው፣ ገልብጠህ ጀርባውን አሳየኝ፣ የሴሪያል ቁጥሩን (የዕቃውን መለያ ቁጥር) አቅርበው» እያላችሁ እሱ ያሳያችሁ።

ዋጋ ስታመዛዝኑ የተለጠፈውን ሳይሆን ዕቃው በትክክል የተሸጠበትን ፈልጉ፤ መለጠፍማ ማንም ያሻውን ይለጥፋል። ከገበያው በግማሽ የወረደ ዋጋ «ነገ ከአገር ልወጣ ነው፣ ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ከሚል ጥድፊያ ጋር ከመጣ፣ ጥድፊያው የማጣሪያ ጊዜ ለማሳጣት የተዘጋጀ ነው ብላችሁ ያዙት።

ስልክ

*#06# ሲደወል 15 አሃዝ ያለው የአይኤምኢአይ ቁጥር፣ ማለትም የስልኩ መለያ ቁጥር፣ ይወጣል፤ ባለ ሁለት ሲም ከሆነ ሁለት ቁጥር። ይህ ቁጥር ሴቲንግ ውስጥ ካለውና ከካርቶኑ ጋር አንድ መሆን አለበት። በብዙ አገሮች ተሰርቋል ተብሎ የተመዘገበ ስልክ ኔትወርክ እንዳያገኝ ይታገዳል። እገዳው ከሽያጩ በኋላም ሊመጣ ስለሚችል የመጀመሪያውን የግዢ ደረሰኝ መጠየቅ ነውር የለበትም። ሻጮች ደግሞ ቁጥሩን ማስታወቂያ ላይ አትለጥፉት፤ ቁርጠኛ ለሆነ ገዢ ለብቻው ስጡት።

ከተሰነጠቀ ስክሪን የባሰው ከስልኩ ያልወጣ የቀድሞ ባለቤት አካውንት ነው። አይፎን «ፋይንድ ማይ» የሚባለው የጠፋ ስልክ መፈለጊያ እንደበራ ውስጡ ተደምስሶ እንደገና ቢነሳ የቀድሞውን ባለቤት አፕል አካውንት ይጠይቃል። አንድሮይድም የጉግል አካውንቱ ሳይወጣ በግድ ሪሴት ከተደረገ (ውስጡ ሁሉ ከተደመሰሰ) የቀድሞውን አካውንት ወይም የስክሪን መክፈቻውን ይጠይቃል። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ነው፦ ሻጩ ፊታችሁ ከአካውንቱ ይውጣ፣ ከዚያ ከሴቲንግ ውስጥ ሪሴት ያድርግ፣ ከዚያ ስልኩን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝታችሁ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አስነሱት። «ቤት ስትደርስ የይለፍ ቃሉን እልክልሃለሁ» የሚባል ነገር የለም።

አይፎን ላይ የባትሪ ጤና፣ ማለትም አዲስ ሳለ ከነበረው አቅም የቀረው፣ ከ80 ከመቶ በታች ከወረደ የመቀየሪያውን ወጪ ከዋጋው ቀንሱ። በአዳዲሶቹ ሞዴሎች ሴቲንግ ውስጥ «አባውት» ስትገቡ የተቀየረ ባትሪ ወይም ስክሪን ካለ፣ ኦሪጅናል ይሁን አይሁን ጭምር ይጻፋል። የኦሌድ ስክሪን (እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚበራ) ሲሆን ሙሉ ግራጫ ምስል ክፈቱ፤ የቆየ የቁልፎች ወይም የሰዓት ጥላ ታትሞ ከቀረ እዚያ ላይ ይታያል። የንክኪውን ለማየት የአንድ አፕ ምልክት በጣት ይዛችሁ ስክሪኑን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አዳርሱት፤ ከእጃችሁ የሚያመልጥበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ስክሪኑ አይሰማም። በመጨረሻ የራሳችሁን ሲም አስገብታችሁ ደውሉ፣ ቻርጀር ሰኩ። አሥር ደቂቃ የማይሰጥ ሻጭ ጋር አትገበያዩ።

ላፕቶፕና ማከማቻ

የድርጅት የነበረ ላፕቶፕ ውስጡ የድርጅቱ ቁጥጥር ሊኖርበት ይችላል። ሪሴት ተደርጎ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የድርጅቱን ስም አውጥቶ የሠራተኛ አካውንት ከጠየቀ፣ ሻጩ ምንም ቢል የመክፈቻው ቁልፍ በድርጅቱ እጅ ነው። ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚገባበት ሴቲንግ) ገብታችሁ የይለፍ ቃል አለመኖሩንም እዩ። የዲስኩን ዕድሜ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም በሰዓት ይነግራችኋል፤ ያለማቋረጥ የበራ ኮምፒውተር በዓመት 8,760 ሰዓት ይቆጥራል። «ሁለት ወር ብቻ ነው የተሠራበት» ተብሎ 15,000 ሰዓት ከወጣ፣ ሌላውንም የሻጩን ንግግር በዚያው ልክ መዝኑት።

ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚታየው መጠን ሊዋሽ ይችላል። 32 ጊጋባይት የሆነውን 512 ብሎ እንዲያሳይ ያደርጉታል፤ ትክክለኛው ቦታ ሲሞላ ቀጥሎ የሚጻፈው ፋይል ይጠፋል ወይም የቆየውን ያጠፋል። ማወቂያው እስኪሞላ ጽፎ መልሶ ማንበብ ብቻ ነው።

የማይገዛም አለ። የሞተር ሳይክል ሄልሜትና የሕፃናት የመኪና መቀመጫ አደጋ አይተው ይሁን አይሁን ከውጭ ላያስታውቅ ይችላል፤ ታሪኩን በትክክል ከማታውቁት ሰው አትውሰዱ። ጎማ ከሆነ ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ የምርት ቁጥር አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ በዕድሜ ብቻ ያረጀ ሊሆን ይችላል። የካሜራ ሌንስ ውስጥ ደግሞ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ከኋላ ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር ካያችሁ ሻጋታ ነው።

ገንዘቡ

የክፍያ ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም። «ገቢ ሆኗል» የሚል የጽሑፍ መልእክትም አይደለም፤ የላኪውን ስም አስመስሎ መላክ ይቻላል። ሻጭ ዕቃውን ከእጁ የሚያወጣው የራሱን የባንክ አፕ ከፍቶ ገንዘቡን ካየ በኋላ ነው። ገንዘብ ለመቀበል የሒሳብ ቁጥርና ስም ይበቃል። «ክፍያውን ለመቀበል ይህን ሊንክ ተጫን» ወይም «የደረሰህን ባለ 6 አሃዝ ኮድ ንገረኝ» የሚል ገዢ የሚፈልገው ዕቃውን ሳይሆን አካውንታችሁን ነው። «በስህተት ትርፍ ልኬያለሁ፣ ልዩነቱን መልስልኝ» የሚልም አለ፤ የመጀመሪያው ክፍያ ከቀናት በኋላ ይሻራል፣ እናንተ የመለሳችሁት ግን ሄዷል።

ብዙዎች የማያውቁት የሦስትዮሽ ማታለያ ነው። አጭበርባሪው ገዢ መስሎ የሒሳብ ቁጥራችሁን ይቀበላል፤ የዕቃችሁንም ፎቶ ወስዶ በራሱ ስም ይለጥፋል፤ የዋህ ገዢ ሲያገኝ የእናንተን የሒሳብ ቁጥር ይሰጠዋል። ገንዘቡ በእርግጥ ይገባላችኋል፤ ዕቃውን ግን የሚወስደው አጭበርባሪው ነው። ገንዘቡን የላከው ሰው ዕቃውን ሳያገኝ ሲቀር የሚከሰው የሒሳቡን ባለቤት ነው፤ እናንተን። መከላከያው ቀላል ነው፦ የከፋዩ ስም ከሚረከበው ሰው ስም ጋር ካልገጠመ ዕቃውን አትስጡ።

ገዢዎች ደግሞ ሳያዩ ሙሉ ክፍያ አትላኩ። ፔይፓል ላይ ለወዳጅና ለቤተሰብ ተብሎ የሚላክ ገንዘብ በገዢ ጥበቃ አይሸፈንም፤ ሻጩ ኮሚሽን ላለመክፈል በዚያ ላክልኝ ካለ ኮሚሽኑን እናንተ ጨምራችሁ በመደበኛው ክፈሉ። አደራ ያዥ ድረ ገጽ (ዕቃው እስኪደርስ ገንዘቡን የሚይዝ) ከተጠቀማችሁም አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉ እንጂ በተላከላችሁ ሊንክ አትግቡ። ቀብድ ከተሰጠ መጠኑ፣ የሚያልቅበት ቀንና ሰዓት፣ በምን ምክንያት እንደሚመለስና እንደማይመለስ ይጻፍ። ብዙ ቅያሜ የሚመጣው ከዚህች ካልተጻፈች መስመር ነው።

በሁለቱም ወገን

ዋጋ በጽሑፍ ከተቆረጠ በኋላ በር ላይ ደርሶ፣ አዲስ ጉድለት ሳይገኝ፣ «ይኸው ይህን ያህል ነው የያዝኩት» ማለት ነውር ነው። ያልተነገረ ጉድለት ከተገኘ ግን እንደገና መደራደር የገዢው መብት ነው። ሻጩም መጀመሪያ «እወስዳለሁ» ያለውን ሰው በተሰጠው ሰዓት ይጠብቀው፤ የበለጠ የሚከፍል ሲመጣ ቃል ማጠፍ የለም። ሰዓቱ ሲያልፍ አንድ መልእክት ልኮ ወደሚቀጥለው ይሂድ።

በመልእክተኛ የሚላክ ከሆነ ሻጩ ከማሸጉ በፊት ዕቃው ሲሠራና ሴሪያሉ ሲታይ ይቅረጽ፤ በሁሉም በኩል ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ማለስለሻ ይኑረው፣ ካርቶኑ ሲነቀነቅ ምንም አይንቀሳቀስ። ሊቲየም ባትሪ ያለበት ዕቃ ከሆነ አጓጓዡን አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ብዙዎቹ ልዩ ደንብ አላቸው። ገዢው ማሸጊያውን ከመክፈቱ በፊት ጀምሮ ሳያቋርጥ ይቅረጽ፣ ሴሪያሉን ከተላከለት ቪዲዮ ጋር ያስተያይ። የመመለሻ ጊዜውን፣ ለምሳሌ ከደረሰበት 48 ሰዓት፣ እንዲሁም የመመለሻውን ማጓጓዣ ማን እንደሚከፍል ቀድማችሁ ተስማሙ። እንደተገለጸው ካልሆነ ሻጩ፣ ሐሳቡን ከቀየረ ገዢው ቢከፍል ያስማማል።