ክሪፕቶን በደህና ማስቀመጥ፦ ባክአፑ እንደሚሠራ እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

የክሪፕቶ ዋሌቴን መልሰው የሚከፍቱት 12ቱም ቃላት ወረቀቱ ላይ ነበሩ። አንድም አልጎደለም፣ አንድም አልደበዘዘም። ስልኬ ወድቆ ከተሰበረ በኋላ በአዲሱ ስልክ ላይ ያንኑ ዋሌት ጫንኩና ቃላቱን አንድ በአንድ አስገባሁ። «ትክክል አይደለም» አለኝ። ደገምኩት። ያው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እህል በቅጡ ከአፌ አልገባም። ምን እንደነበር ወደ ታች እነግራችኋለሁ። እናንተ እንዲህ ያለ ሦስት ቀን እንዳታዩ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ይህ ይግባን

ገንዘቡ ስልካችሁ ውስጥ የለም። ቢትኮይንም ሆነ ሌላው ክሪፕቶ የተመዘገበው ብሎክቼይን ላይ ነው። ብሎክቼይን ብዙ ኮምፒውተሮች በጋራ የሚይዙት መዝገብ ነው። ዋሌት የምንለው አፕ ወይም መሣሪያ የሚይዘው ገንዘቡን ለማዘዝ የሚያስችለውን ቁልፍ ብቻ ነው። ስልኩ ቢሰበር ቁልፉ እስካለ ድረስ ገንዘቡ አለ። ቁልፉ ከጠፋ ግን አቤት የሚባልበት ቢሮ የለም።

ገንዘባችሁ ኤክስቼንጅ ላይ፣ ማለትም ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት ዘንድ ከሆነ፣ ቁልፉ ያለው በእነሱ እጅ ነው። ማውንት ጎክስ የሚባለው ኤክስቼንጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወድቅ ወደ 850,000 ቢትኮይን ጠፋብኝ ብሎ ነበር፤ ከዚያ ውስጥ 200,000 ያህሉ ኋላ ተገኘ። ሌላው ኤክስቼንጅ ኤፍቲኤክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሲፈርስ፣ ደንበኞቹ ገንዘባቸውን ማውጣት አልቻሉም። እኔ ለመግዛትና ለመሸጥ የምፈልጋትን ያህል ብቻ እዚያ እተዋለሁ። የቀረውን አወጣለሁ።

1. ዋሌት ምረጡ

ለትንሽ ገንዘብ የስልክ አፕ ይበቃል። ተመሳስለው የተሠሩ የሐሰት አፖች ስላሉ፣ ከዋሌቱ ዋና ድረ ገጽ ተነሥታችሁ በዚያ ባለው ሊንክ አውርዱ። ገንዘቡ ቢጠፋ የሚያማችሁ ያህል ከሆነ ደግሞ ሃርድዌር ዋሌት፣ ማለትም ቁልፉን ለብቻው የሚይዝ ትንሽ መሣሪያ ግዙ። ትሬዞርና ሌጀር የታወቁት ናቸው። ቁልፉ ከመሣሪያው ስለማይወጣ ኮምፒውተራችሁ ቫይረስ ቢኖረው እንኳ ቁልፉን አያገኘውም። ያገለገለ አትግዙ። ቃላቱ ቀድመው ተጽፈው የመጣ መሣሪያ ካጋጠማችሁ ሌባ ያዘጋጀው ነው፣ አንድ ሳንቲም አትላኩበት።

ብዙ ሰው መሣሪያውን ከገዛ ሁሉም ነገር ያለቀለት ይመስለዋል። እኔ ግን ቃላቱን ፎቶ አንሥቶ ከሚያስቀምጥ የሃርድዌር ዋሌት ባለቤት ይልቅ፣ ተራ የስልክ አፕ ይዞ ቃላቱን በወግ የጻፈ ሰው ይሻላል ባይ ነኝ።

ፒን አድርጉበት። የልደት ቀናችሁ ግን አይሁን።

2. ቃላቱን ጻፉ

ዋሌቱ ሲከፈት 12 ወይም 24 የእንግሊዝኛ ቃላት ያሳያችኋል። ሲድ ፍሬዝ ይባላሉ። ቁልፉ የሚወጣው ከእነሱ ስለሆነ የዋሌቱ ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ፣ እነሱ ናቸው። አብዛኞቹ ዋሌቶች ቃላቱን የሚመርጡት 2048 ቃላት ካሉት አንድ የታወቀ ዝርዝር ነው። እነዚህን ቃላት በቅደም ተከተላቸው የያዘ ሰው ገንዘቡን ያዘ ማለት ነው፤ ስልክም ፒንም አያስፈልገውም።

የእኔ ጥፋት እዚህ ላይ ነው። አፑ ቃላቱን በሁለት ዓምድ ደርድሮ አሳየኝ። ከ1 እስከ 6 በግራ፣ ከ7 እስከ 12 በቀኝ፣ ሁለቱም ከላይ ወደ ታች። እኔ ግን መስመር እንደማነብ ከግራ ወደ ቀኝ ገለበጥኩት። አንደኛው፣ ሰባተኛው፣ ሁለተኛው፣ ስምንተኛው እያልኩ ማለት ነው። ቁጥር አልጻፍኩም፤ ቸኩዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን እዚያው አፕ ላይ ሌላ አዲስ ዋሌት የከፈትኩት ነገሩ ከመጀመሪያው እንዴት እንደሚታይ ላየው ብዬ ነው። ከ1 ቁጥር ጎን 7 ቁጥር ቆሞ አየሁት። ወረቀቱን አነሣሁና አንድ እየዘለልኩ ስድስቱን አስቀደምኩ፣ የተዘለሉትን አስከተልኩ። ተከፈተ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ከ1 እስከ 12፣ ወይም እስከ 24 ቁጥሮቹን ጻፉ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቁጥር ፊት ስክሪኑ ላይ ያንኑ ቁጥር የያዘውን ቃል አስቀምጡ። ቃል አይታችሁ ሳይሆን ቁጥር አይታችሁ ገልብጡ።

ቃላቱን በእኛ ፊደል እንዳትጽፏቸው፣ ወደ አማርኛም እንዳትተረጉሟቸው። «ራይት» ብላችሁ ብትጽፉ፣ «ቀኝ» ማለት የሆነውም «ጻፍ» ማለት የሆነውም ሁለቱም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከዓመት በኋላ የትኛው እንደነበር ማን ያስታውሳል? በእንግሊዝኛ ፊደል፣ እየነጣጠላችሁ፣ በትልቁ ጻፉ። የመጀመሪያዎቹ አራት ፊደላት ብቻ አንዱን ቃል ከሌላው ይለያሉ፤ እነሱ በደንብ ከተነበቡ ቀሪው ቢደበዝዝም ቃሉን ከዝርዝሩ ማግኘት ይቻላል።

በእርሳስ ወይም ውኃ በማያስለቅቀው ቀለም ጻፉ። ሁለት ቅጂ ይሁን። ከወረቀቱ ግርጌ የዋሌቱን ስምና የከፈታችሁበትን ቀን ጨምሩ። አንዳንድ ዋሌት፣ ለምሳሌ ኤሌክትረም፣ የራሱ ዓይነት ቃላት ስላለው በሌላ አፕ ላይ ላይከፈት ይችላል።

ስክሪንሾት የለም። ፎቶ የለም። ቴሌግራም ላይ ለራስ መላክም የለም። ብዙ ስልኮች ፎቶን እኛ ሳናስበው ወደ ክላውድ ይሰዳሉ። ፎቶ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቃላትን እየፈለጉ የሚያነቡ ቫይረሶችም አሉ።

3. ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት አጥፍታችሁ መልሱት

ብዙ ሰው ይህን ያልፈዋል። እኔም አልፌው ነበር፤ ሃያ ደቂቃ ከልክዬው ሦስት ቀን ከፈልኩ።

ወደ ዋሌቱ ትንሽ ገንዘብ፣ ብትጠፋ የማትቆጫችሁን ያህል ላኩ። መቀበያ አድራሻውን ወረቀት ላይ አስፍሩ። ከዚያ ዋሌቱን ሙሉ በሙሉ አጥፉት፤ አፕ ከሆነ ከስልኩ አውጡት፣ ሃርድዌር ከሆነ ከሴቲንግ ውስጥ ወደ ፋብሪካ ይዞታው መልሱት። ልባችሁ ፈራ ይል ይሆናል፣ ይፍራ። አሁን ስክሪን ሳታዩ፣ ትውስታችሁንም ሳትጠይቁ፣ ከወረቀቱ ብቻ አስገቡ። ያች ትንሽ ገንዘብ ከመጣችና የገባችበት አድራሻ ከጻፋችሁት ጋር ከገጠመ ወረቀታችሁ ይሠራል። ካልገጠመ ስህተቱን ያገኛችሁት ከዚያች ትንሽ ገንዘብ በቀር ምንም ሳይጠፋ ነው፤ አዲስ ዋሌት ከፍታችሁ እንደገና ትጽፋላችሁ።

«ስህተት ካለ ዋሌቱ ራሱ ይነግረኛል» አትበሉ። የመጨረሻው ቃል ውስጥ ማመሳከሪያ አለ፣ እውነት ነው፤ እኔንም «ትክክል አይደለም» ያለኝ እሱ ነው። ግን በ12 ቃላት ላይ ከ16 ስህተት አንዱ ያህል ሾልኮ ያልፋል። በ24 ቃላት ላይ ከ256 አንዱ ነው። ሾልኮ ካለፈ ዋሌቱ ምንም ሳይል ባዶ ሆኖ ይከፈታል። እንዲህ ሲሆን ሰው ተሰረቅሁ ብሎ ይደነግጣል። ገንዘቡ ግን ያለበት ነው፤ የተከፈተው የሌላ ቃላት ዋሌት ነው።

4. ወረቀቱን የት ታኖራላችሁ?

ሁለቱን ቅጂ በሁለት ቤት አስቀምጡ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት መሳቢያ ማለቴ አይደለም። እሳት መሳቢያ አይመርጥም። ገንዘቡ ሲበዛ ቃላቱ የሚቀረጹበት የብረት ሰሌዳ ግዙ፣ ውኃም እሳትም ይችላል።

12ቱን ቃላት ስድስት ስድስት አድርጎ ሁለት ቦታ መክፈል ብልህነት ይመስላል። አታድርጉት። አንዱ ግማሽ ከጠፋ ሁሉም ጠፋ። አንዱን ግማሽ ያገኘ ሌባ ደግሞ የሚቀረው ሥራ በጣም ይቀልለታል።

ፓስፍሬዝ የሚባል፣ በ12ቱ ወይም በ24ቱ ቃላት ላይ ራሳችሁ የምትጨምሩት ቃልም አለ። ለጀማሪ አልመክረውም። አንድ ፊደል ብትሳሳቱ ዋሌቱ ስህተት ነው አይላችሁም፣ ሌላ ባዶ ዋሌት ይከፍትላችኋል። ቃላቱን ጠብቀው ፓስፍሬዙን የረሱ ሰዎች ገንዘባቸውን አላገኙትም።

5. ቀሪውን ገንዘብ አስገቡ

አድራሻውን ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፉ፣ ከዚያ መጀመሪያውንም መሃሉንም መጨረሻውንም አስተያዩ። ኮፒ ያደረጋችሁትን አድራሻ በሌባ አድራሻ የሚተካ ቫይረስ አለ። የምትልኩት ዩኤስዲቲ፣ ማለትም ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረው ክሪፕቶ ከሆነ፣ የሚላክበት ኔትወርክ (ብሎክቼይን) በላኪውም በተቀባዩም ወገን አንድ መሆኑን እዩ።

ከዚህ በኋላ ቃላቱን የሚጠይቃችሁ ሁሉ ሌባ ነው። «ከድጋፍ ክፍል ነኝ» ቢል፣ ድረ ገጹ የዋሌታችሁን ቢመስል፣ «አካውንትህ ሊዘጋ ነው» ቢባል፣ ሁሉም ያው ነው። የእውነተኛ ዋሌት ሠራተኛ ቃላቱን አይጠይቅም። ቃላቱ የሚገቡት እናንተ ራሳችሁ ዋሌቱን ስትመልሱ ወይም ባክአፑን ስትፈትሹ ብቻ ነው።

6. ለቤተሰብ

እናንተ ብትታመሙ ወይም ብትሞቱ ገንዘቡ አብሯችሁ መቅረት የለበትም። እኔ ለእህቴ በታሸገ ፖስታ አንድ ገጽ ትቼላታለሁ። ቃላቱ ውስጡ የሉም። የትኛው ዋሌት እንደሆነ፣ ወረቀቱ የት እንዳለ፣ ማንን አምና ልትጠይቅ እንደምትችል፣ ቃላቱን በስልክ ለማንም እንዳታነብ ነው የጻፍኩላት። በዓመት ሁለቴ ወረቀቱን አወጣዋለሁ። ሃርድዌር ዋሌቴ ምንም ሳይጠፋ ባክአፑን የሚፈትሽበት ምርጫ ስላለው፣ በዚያ ከ1 እስከ 24 ቁጥር እየተከተልኩ አስገባለሁ። ከዚያ ፖስታው ላይ ቀኑን እጽፋለሁ።