መልካ ቁንጡሬ ስትሄዱ ድንጋዩን እንዴት እንደምታዩት

ዓለም ገና፣ ሰበታ፣ ቱሉ ዲምቱ ምናምን የምትኖሩ ሰዎች ኧረ መልካ ቁንጡሬን ሳታዩ አትቅሩ፣ የድንጋይ ዘመን ሰዎች መሣሪያና ዱካ የተገኘበት ቦታ ነው፣ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዓለም ገና የቡታጅራን መስመር ይዛችሁ አዋሽ ወንዝ አካባቢ ስትደርሱ ሰው ጠይቁ ያሳያችኋል። እ.ኤ.አ. በ2024 አጠገቡ ካለው ባልጪት ከሚባለው ቦታ ጋር የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኗል። ብዙ ሰው ግን ሄዶ «ድንጋይ ብቻ ነው» ብሎ ይመለሳል፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ድንጋዩን ማንበብ ከቻላችሁ እኮ እዛ የዋሉት ሰዎች ምን ሲሰሩ እንደነበር ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

በመጀመሪያ ሙዚየሙ ግቡና አስጎብኚውን የእጅ መጥረቢያ፣ ማለትም በእጅ የሚያዝ እጀታ የሌለው የድንጋይ መሣሪያ፣ አሳየን በሉት። ወንዝ ያንከባለለው ድንጋይ ድቡልቡልና ልስልስ ነው፣ ሰው የሰራው ግን በሌላ ድንጋይ ሲመታ የተላጠበት ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ አለው፣ ጠባሳው ደግሞ ጠርዙን ተከትሎ በሁለቱም በኩል ይሄዳል። ተላጦ የወደቀው ስባሪ ላይም የተመታበት ቦታ ስር እብጥ ያለች ነገር አለች፣ እሷን ፈልጉ፣ ዋናዋ ምልክት እሷ ናት።

ጥቁሩ የሚያብለጨልጨው ባልጩት ነው፣ ኦብሲዲያን የሚባለው፣ እሳተ ገሞራ የተፋው ቅላጭ ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንደዛ ይሆናል። ጥቂት ኪሎ ሜትር አለፍ ብላችሁ ባልጪት ላይ ሞልቷል፣ ሰዎቹም ከ1 ሚሊዮን ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ጀምሮ ይሰሩበት ነበር። በነገራችን ላይ እዚሁ አገራችን ደቡብ ውስጥ በባልጩት ቆዳ የሚፍቁ ሰዎች እስከ ቅርብ ጊዜ ነበሩ።

ከዛ ጎምቦሬ የሚባለው የቁፋሮ ቦታ። እዚህ ቶሎ አትለፉ በናታችሁ። 700,000 ዓመት ገደማ የሆነው የእግር ዱካ የተገኘው እዚህ ነው፣ የትልልቅ ሰዎች ብቻ ሳይሆን የትንንሽ ልጆችም ጭምር፣ ጉማሬ ሲበልቱ ድንጋይ ሲጠርቡ ልጆቹ እዛው አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው፣ ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ይሄን ንገሩት።

ጋርባ በሚባለው ሌላው የቁፋሮ ቦታ ላይ ደግሞ 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነው የህፃን መንጋጋ ተገኝቷል፣ ከኛ በፊት የነበረው ሆሞ ኢሬክተስ የሚባለው የሰው ዘር። ቦታው 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ማታ ይበርዳል፣ ይሄን ብርድ የለመደ ዘር ነው እንግዲህ ከአፍሪካ ወጥቶ ከ1.8 ሚሊዮን ዓመት በፊት ጆርጂያ ድማኒሲ ድረስ የተገኘው። የኛ ዓይነቱ ሰው፣ ሆሞ ሳፒያንስ፣ ዓለምን ያዳረሰው ግን በጣም ቆይቶ ነው፣ ትልቁ ፍልሰት ከ60,000 ዓመት በፊት ገደማ ነው የሚባለው፣ ሁለቱን አታምታቱ።

አንድ ነገር አደራ፣ ድንጋይ አታንሱ፣ ትንሽም ብትሆን። ዕድሜው የሚታወቀው ከላይና ከታች ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው፣ ከአፈሩ አንዴ ከወጣ ያ ነገር ጠፋ፣ ቤት ወስዳችሁ መደርደሪያ ላይ ብታስቀምጡት ለማንም ምንም አይናገርም። ፎቶ አንሱና ለአስጎብኚው አሳዩት።

በጠዋት ሂዱ፣ ውሃና ባርኔጣ ያዙ። ጊዜ ከተረፋችሁ በዛው መንገድ ጢያ አለላችሁ፣ እሱ ግን ከድንጋይ ዘመን ጋር አይገናኝም፣ የመካከለኛው ዘመን መቃብር ነው፣ ለሌላ ቀን ብታደርጉት ይሻላል።