ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ስትገዙ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

የአክስቴ ልጅ ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ባለ16 ቴራባይት ኤክስተርናል ገዛ። ዋጋው ከባለ1 ቴራው ያንስ ነበር። ደስ ብሎት ዘመድ ሁሉ የሰርግና የክርስትና ቪዲዮውን እንዲያመጣ ነገረ፤ ሁሉንም ገለበጠላቸው። ከወር በኋላ ሲከፍተው የፋይሎቹ ስምም መጠንም ይታያል። ከጥቂቶቹ በቀር ግን አንዱም አይሠራም። አያታችን ከማረፋቸው በፊት የተቀረጸው የፋሲካ ቪዲዮ እዚያ ውስጥ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን ነው። እንዲህ ዓይነቱ ዕቃ ሲፈታ ብዙ ጊዜ ውስጡ የሚገኘው ትንሽ የሞባይል ሚሞሪ ካርድ ነው። መቆጣጠሪያው ግን «16 ቴራ ነኝ» እንዲል ተደርጎ ተሠርቷል። ላፕቶፑም ያምነዋል። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፣ ወይም የትም ሳይገባ ይቀራል። የስህተት መልእክት እንኳ አይመጣም። በጣም የሚያናድደኝም ይኼ ነው።

አንድ ነገር ያዙ። በኪስ የሚያዘው ባለ2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ለዓመታት ከ5 ቴራባይት አላለፈም ነበር፤ 6 የደረሰው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። በርካሽ 16 ቴራ የሚላችሁ ሰው እያታለላችሁ ነው፣ ወይም እሱም ተታሏል። ስትገዙ «ፈትሼ ካልሠራ እመልሳለሁ» ብላችሁ ከሻጩ ጋር ተስማሙ። ከዚያ ቤት ወስዳችሁ፣ ምንም ነገር ሳትጭኑበት፣ በዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ፣ በማክ ወይም በሊኑክስ ኤፍ ስሪ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ዳር እስከ ዳር ሞልታችሁ ሞክሩት። ለ1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ።

በሌላ በኩል ባለ1 ቴራው ዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋ ብሎ ቢመጣ አትደንግጡ። አምራቹ በ1000 ስለሚቆጥርና ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። ሻጩን በከንቱ እንዳትጣሉት።

ሁለተኛው ስህተት ሃርድ ዲስክንና ኤስኤስዲን (የሚንቀሳቀስ ክፍል የሌለውን፣ በቺፕ ላይ የሚያስቀምጠውን ዓይነት) በዋጋ ብቻ ማወዳደር ነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ። የሚያነበው መርፌ ከሳህኑ በላይ ለዓይን በማይታይ ክፍተት ይንሳፈፋል። እየሠራ ሳለ ከጠረጴዛ ከወደቀ አለቀ። በየቀኑ ታክሲ ላይ ቦርሳ ውስጥ የሚንገላታ ከሆነ፣ አቅሙ ትንሽ ቢሆንም ኤስኤስዲ ግዙ። ቤት ተቀምጦ ፊልምና የድሮ ፎቶ የሚይዝ ከሆነ ግን ሃርድ ዲስክ ይበቃል፣ በብዙ ይረክሳልም። እንዲያውም ኤስኤስዲ ኮረንቲ ሳያገኝ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ የያዘውን ሊያጣ ስለሚችል ለረጅም ማስቀመጫ አልመርጠውም።

ሦስተኛ፣ የላፕቶፑን ቀዳዳ ሳያዩ መግዛት። ዩኤስቢ 2.0 ብቻ ላለው አሮጌ ላፕቶፕ ፈጣን ኤስኤስዲ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው፤ 100 ጊጋ ለመገልበጥ ከ40 ደቂቃ በላይ ትጠብቃላችሁ። ያው ኤስኤስዲ በዩኤስቢ 3 አምስት ደቂቃ ላይፈጅበት ይችላል። ታይፕ ሲ ማለት ደግሞ የቀዳዳው ቅርጽ እንጂ ፍጥነቱ አይደለም። ካርቶኑ ላይ ዩኤስቢ 3.0 እና ዩኤስቢ 3.2 ጄን 1 የሚል ብታዩ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ለስሙ ብላችሁ ጭማሪ አትክፈሉ።

ትልቁን ባለ3.5 ኢንች ዲስክ «ብዙ ይይዛል» ብለው የሚወስዱም አሉ። እሱ የራሱን አዳፕተር ግድግዳ ላይ ይሰካል፤ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ቢቀጥልም ዲስኩ መሀል መንገድ ላይ ይጠፋል።

ፎርማቱንም፣ ማለትም ዲስኩ ፋይሎችን የሚያደራጅበትን ዘዴ፣ እዩ። ፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም፤ ኤንቲኤፍኤስ ከሆነ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም። ለሁለቱም የሚሆነው ኤክስ ፋት ነው።

ያገለገለ ከሆነ ገንዘብ ሳትከፍሉ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ የዊንዶውስ ሶፍትዌር ክፈቱት። ስንት ሰዓት እንደሠራና ጤንነቱን ያሳያችኋል። ቢጫ ወይም ቀይ ካመጣ ተዉት፣ በነፃም ቢሆን።

የመጨረሻው ስህተት የሚመጣው ደህናውን ከገዛን በኋላ ነው። ላፕቶፑ ስለሞላ ፋይሉን «ከት» አድርገን ወደ ኤክስተርናሉ እናዛውራለን። ያኔ ያለን ያው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ ዲስኩ ከተበላሸ ወይም ከተሰረቀ ሁሉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በጀታችሁ ለአንድ ባለ2 ቴራ ከሆነና ለፋይላችሁ አንድ ቴራ ከበቃ፣ ትንሽ ጨምራችሁም ቢሆን ሁለት ባለ1 ቴራ ግዙ፤ ሁለቱንም አንድ ቦርሳ ውስጥ አታድርጉ። የእኔ ሁለተኛው እናቴ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። በየበዓሉ ስሄድ አውጥቼ አዲሶቹን ፎቶዎች እጨምርበታለሁ።