ሊንኩ አልሰራም? አንከሩ አይዘልም? ዎርድፕሬስ ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

በዎርድፕሬስ፣ ማለትም በዌብሳይት መስሪያው ፕሮግራም፣ የአንድ እድር ዌብሳይት እየሰራሁ ነበር። የመተዳደሪያ ደንቡ ረጅም ፔጅ ነው፣ ስለዚህ ከላይ ማውጫ አስቀምጠን እያንዳንዱ ርዕስ ሲነካ ወደ ቦታው እንዲወርድ በአንከር፣ ማለትም ፔጁ ውስጥ ላለ አንድ ቦታ በሚሰጥ ስም፣ አገናኘነው። ሁሉም ሰራ፣ አንዱ ብቻ እምቢ አለ፣ እሱም ሰው በጭንቅ ሰዓት የሚፈልገው «የሐዘን ክፍያ» የሚለው። የእድሩ ጸሐፊ ስልካቸውን ይዘው መጥተው «ልጄ፣ ሌላው ሁሉ ይሄዳል፣ ይቺ ግን ብነካት ብነካት ዝም ትለኛለች» አሉኝ። እሺ ጋሼ ብዬ ቁጭ ብዬ ፈለግኩት፣ ሊንኩን ሰርዤ ደግሜ ሰራሁት፣ ምንም የለም። በመጨረሻ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ፊደል በፊደል ሳይ አንከሩ የተጻፈው በሐመሩ ሐ ነው፣ ሊንኩ ደግሞ በሃሌታው ሀ።

ለኛ ስናነበው አንድ ነው፣ ለብሮውዘሩ ግን ሁለቱ ፍጹም የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። በአማርኛ ዌብሳይት የምንሰራ ሰዎች ይሄን ነገር ቀድመን ማወቅ አለብን ብዬ ስለማምን ነው ይሄን የምጽፈው። የምናገረው ጽሑፉን፣ ርዕሱን፣ ፎቶውን በየቁራጩ (ብሎክ) እያስቀመጥን ስለምንሰራበት ስለ ብሎክ ኤዲተሩ ነው፣ በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከዎርድፕሬስ 5.0 ጋር ስለመጣው፣ ግን አብዛኛው ነገር ሌላ ኤዲተር ላይም ያው ነው።

መጀመሪያ አድራሻውን እዩ

ምንም ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ሊንኩን ነክታችሁ የብሮውዘሩ አድራሻ ላይ ምን እንደተጻፈ እዩ፣ ስልክ ላይ ከሆናችሁ አድራሻው ሙሉ እንዲታይ ራሱን አድራሻውን ንኩት። # ምልክቷና የአንከሩ ስም ጫፉ ላይ ካሉ ግን ፔጁ ካልተንቀሳቀሰ መንገዱ አለ፣ የጠፋው መድረሻው ነው። 404 (ፔጁ አልተገኘም) ካላችሁ ከ# በፊት ያለው አድራሻ ነው የተበላሸው። ዘሎ ሄዶ ርዕሱ ካልታየ ደግሞ ዲዛይኑ ላይ ነው ችግሩ። እና እባካችሁ ኤዲተሩ ውስጥ ሆናችሁ አትፈትኑት፣ ሴቭ አድርጋችሁ ፔጁን እንደ ማንኛውም ጎብኚ ከፍታችሁ ነው መሞከር ያለባችሁ።

#ዋ አለች፣ ፔጁ ግን ንቅንቅ አይልም

ብዙ ሰው የሚመጣብኝ በዚህ ነው። አንከሩ የሚጻፈው ርዕሱን ስትነኩት በቀኝ በኩል በሚመጣው ሴቲንግ ውስጥ ወደ ታች ወርዳችሁ አድቫንስድ የሚለውን ስትከፍቱ ኤችቲኤምኤል አንከር የምትል ሳጥን ላይ ነው። እዛች ሳጥን ላይ # አይጻፍም፣ ስሙ ብቻ ነው። ብትጽፉት ኤዲተሩ ዝም ብሎ ወደ ሰረዝ ይቀይረዋል፣ ስለዚህ እናንተ #ደንብ ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ሳታዩት -ደንብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ሊንኩ ደንብን ሲፈልግ ደንብ የሚባል የለም። ባዶ ቦታም እንደዛው ነው፣ «የሐዘን ክፍያ» ብላችሁ ስትጽፉ «የሐዘን-ክፍያ» ይሆናል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ሊንክ ስትሰሩ ስሙን ከጭንቅላታችሁ አትጻፉት፣ ከሳጥኗ ላይ ኮፒ አድርጉና ሊንኩ ላይ ከፊቱ # ጨምራችሁ ፔስት አድርጉት።

ከዛ ፊደሎቹን እዩ። ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እነሱ ላይ ደግሞ ሃ እና ሓ፣ ከዛ እሳቱ ሰና ንጉሡ ሠ፣ አልፋው አና ዐይኑ ዐ፣ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ። አንዱ ሰው በኮምፒውተር አንከሩን ሲጽፍ ሌላው በስልክ ሊንኩን ሲጽፍ ኪቦርዳቸው የተለያየ ስለሆነ በቀላሉ ይለያያል። በእንግሊዝኛ ፊደል ከጻፋችሁም ትልቁና ትንሹ ፊደል አንድ አይደለም።

የኔ ምክር ጠንከር ያለ ነው፣ ርዕሱን በአማርኛ አሳምራችሁ ጻፉ፣ አንከሩን ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል፣ አጭር፣ አንድ ቃል አድርጉት። አንከሩን አንባቢ አያነበውም፣ ቋንቋችንን ማሳነስ አይደለም። በአማርኛ የተጻፈ አንከር አይሰራም ማለቴም አይደለም፣ በትክክል ከተገጣጠመ ይሰራል፣ ግን አድራሻው ኮፒ ተደርጎ ቴሌግራም ላይ ሲላክ እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በፐርሰንት ምልክት ተሸንሽኖ 9 ካራክተር ሊሆን ይችላል። «ሰላም» 3 ፊደል ነው፣ 27 ሆኖ ይወጣል። ሰው እንደዛ ያለ ሊንክ ሲያይ ቫይረስ ነው ብሎ ሳይነካው ያልፋል።

ይዘላል፣ ግን ወደ ሌላ ርዕስ

አንዱን ርዕስ ዱፕሊኬት አድርጋችሁ ጽሑፉን ብቻ ቀይራችሁ ከሆነ አንከሩም አብሮ ተገልብጦ ይሆናል። አንድ ፔጅ ላይ ሁለት ተመሳሳይ አንከር ካለ ብሮውዘሩ የመጀመሪያው ጋ ይቆማል። የሁለተኛውን ስም ቀይሩ፣ በቃ።

ዘሎ ይሄዳል፣ ርዕሱ ግን የለም

ስክሮል ስታደርጉ ከላይ ተለጥፎ የሚቀር ሜኑ ካላችሁ ርዕሱ ከሱ ስር ነው የተደበቀው። ትንሽ ወደ ላይ ብትመልሱት ብቅ ይላል፣ በዚህ ታውቁታላችሁ። ሲኤስኤስ (የዲዛይን ኮድ) የምትችሉ ከሆነ ለርዕሶቹ ስክሮል ማርጂን ቶፕ (scroll-margin-top) የሚባለውን የሜኑውን ቁመት ያህል ስጡት፣ ሜኑው 80 ፒክስል ከሆነ 90 ወይ 100 አድርጉት። ካልሆነ ደግሞ ከርዕሱ በላይ ስፔሰር የሚባለውን ባዶ ቦታ የሚሰጥ ብሎክ አስገብታችሁ አንከሩን ከርዕሱ ላይ አንስታችሁ ለስፔሰሩ ስጡት፣ ኮድ ሳይነካ ይስተካከላል። አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ሜኑው ሳይሆን ፎቶ ነው፣ ቦታው ከደረሳችሁ በኋላ ከላይ ያሉት ፎቶዎች ዘግይተው ሎድ ሲያደርጉ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፉታል፣ ለፎቶዎቹ ስፋትና ቁመት ተጽፎላቸው ከሆነ ግን ቦታቸው ቀድሞ ስለሚያዝ አይገፉም።

ሆም ፔጅ ላይ ይሰራል፣ ሌላ ፔጅ ላይ አይሰራም

ሜኑ ላይ «አድራሻችን» ብላችሁ ሊንኩን # እና ስሙን ብቻ ካደረጋችሁት ትርጉሙ «አሁን ያለሁበት ፔጅ ላይ ፈልገው» ነው። ሰውየው የደንብ ፔጅ ላይ ቆሞ ሲነካው እዛ ፔጅ ላይ አድራሻችን የሚባል ስለሌለ ምንም አይሆንም። ከ# በፊት የሆም ፔጁን ሙሉ አድራሻ ጨምሩበት።

404

እዚህ ላይ መጀመሪያ የምጠይቀው ሊንኩን ከየት ኮፒ እንዳደረጉት ነው። ብዙ ጊዜ ኤዲት እያደረጉ ያሉበትን ፔጅ አድራሻ ከላይ ኮፒ አድርገው ነው የሚያስገቡት፣ ያ አድራሻ የአድሚን ነው፣ ለናንተ ሎግኢን ስላደረጋችሁ ይከፈታል፣ ለሌላው ሰው ግን ፓስወርድ ይጠይቀዋል ወይ ፔጁ የለም ይለዋል። የራሳችሁን ፔጅ ስታገናኙ ቃሉን ምረጡ፣ ኮንትሮልና ኬን ተጫኑ፣ ከዛ የፔጁን ርዕስ መጻፍ ጀምሩ፣ ራሱ ፈልጎ ያመጣላችኋል።

ሊንኩ የሌላ ዌብሳይት ሆኖ የሚከፈተው 404 ግን የናንተ ዌብሳይት አድራሻ ካለው፣ ኤችቲቲፒኤስ እና :// የሚለው መነሻ ቀርቷል ማለት ነው፣ በተለይ ኮድ በሚጻፍበት ኤችቲኤምኤል ብሎክ ላይ በእጅ ሲጻፍ። እዛው ብሎክ ላይ ኮዱን ከወርድ ወይ ከቴሌግራም አምጥታችሁ ከሆነ ጥቅሶቹን እዩ፣ የተጠማዘዙ ከሆኑ ሰርዛችሁ ቀጥ ያለውን ጥቅስ ራሳችሁ ጻፉት።

ድሮ ይሰራ የነበረ ሊንክ ዛሬ 404 ካለ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሆነ ሰው የፔጁን አድራሻ ቀይሮታል ማለት ነው። ዎርድፕሬስ ፖስት (የብሎግ ጽሑፍ) ሲሆን የድሮውን አድራሻ አስታውሶ ወደ አዲሱ ይወስዳል፣ ፔጅ ሲሆን ግን አይወስድም፣ ይሄን ልዩነት ብዙ ሰው አያውቀውም። የድሮውን አድራሻ መልሱት ወይ ሪዳይሬክት የሚያደርግ፣ ማለትም ከድሮው አድራሻ ወደ አዲሱ የሚያዞር፣ ፕለግኢን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጫኑ። ዌብሳይቱ ሙሉ በሙሉ ከሆም ፔጁ በቀር 404 ካለ ሴቲንግ ውስጥ ፐርማሊንክ (የፔጆቹ አድራሻ አጻጻፍ የሚወሰንበት) ገብታችሁ ምንም ሳትቀይሩ ሴቭ በሉት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

የአማርኛ ርዕስ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ዎርድፕሬስ ለአድራሻው የሚሰጠው ቦታ 200 ካራክተር ነው፣ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 9 ይበላል፣ ስለዚህ 22 ፊደል አካባቢ ላይ ይቆረጣል። አጀማመራቸው አንድ የሆነ ሁለት ረጃጅም ርዕሶች ካሏችሁ ሁለተኛው መጨረሻው ላይ 2 ቁጥር ተጨምሮበት ይወጣል፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። ፐብሊሽ ከማድረጋችሁ በፊት አድራሻውን በእንግሊዝኛ ፊደል አሳጥሩት፣ ሰው ሼር ካደረገው በኋላ ግን አትንኩት።

ስልክ ቁጥሩ ሲነካ አይደውልም

ለስልክ የሚሆነው ሊንክ በእንግሊዝኛ ፊደል ቴል (tel)፣ ከዛ ሁለት ነጥብ (:)፣ ከዛ ያለምንም ክፍተት ቁጥሩ ነው። ሁለት ነጥቡ የእንግሊዝኛው ይሁን፣ የአማርኛው ፡ ቢመስልም አይሰራም። ቁጥሩን ከ09 አትጀምሩት፣ 0ን አውጥታችሁ በ+251 ጀምሩት፣ ምክንያቱም የእድሩ አባል ልጅ ከዱባይ ወይ ከዋሽንግተን ሆኖ ሲነካው በ09 የተጻፈው አይደውልለትም። የሚታየው ጽሑፍ ላይ 09 ማለት ትችላላችሁ፣ ሊንኩ ነው +251 መሆን ያለበት። ከዛ በስልካችሁ ነክታችሁ መደወያው ላይ ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ መውጣቱን እዩ።